የግራው ገመድ

ሰኞ፣ የካቲት 2፣ ማታ

ነፋሱ ዛሬ ገባ። ከቀትር በኋላ የመስኮቱ መዝጊያ ራሱን በራሱ ይደበድብ ጀመር፤ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የሰው ድርሰት ሳርም የኖርሁ ነኝና የተበተነ ወረቀት መልቀም አያስመርረኝም። እንዲያውም ያን የቀለም ሽታ፣ ያን የእርሳስ ፊደል ኳኳታ፣ በየበሩ «ማረሚያው ደረሰ ወይ?» የሚለውን የአራሚዎች ጩኸት ያስታውሰኛል። ያ ሁሉ ዛሬ የለም። የሚበተነውም ወረቀት የራሴ ብቻ ነው።

ወንድሜ ነፋሱን እንደ ሰማ ከአልጋው ሥር ረጅም ቦርሳ ጎትቶ አወጣና «ጋሼ፣ መጣ!» አለኝ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ኮቴን ፈለግሁ።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ታናሼ ነው። የጥርስ ሐኪም ነበረ፤ ሚስቱ ካረፈች በኋላ ክሊኒኩን ዘግቶ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረ። እኔ ድሮም ብቻዬን ነበርሁ። እሱ ጡረታውን የሚያሳልፈው በገመድ ተይዞ በነፋስ በሚበር ጨርቅ፣ በካይት ነው። ልጆች ከወረቀትና ከሸንበቆ የሚሠሩት ዓይነት አይደለም። የእነዚህ ጨርቅ ከአልጋ አንሶላ ይበልጣል፤ በነፋስ ሲሞላ ትልቅ ሰውን ከቆመበት ነቅሎ ይጎትታል። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ሆስፒታል ገባ፤ ወጣ። እግሩ ተመልሷል። እጁም ተመልሷል ብለዋል ሐኪሞቹ፤ ወይም ብለዋል ብሎ እሱ ነግሮኛል።

ማታ የወንድሜ ልጅ ደወለች። የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ የምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

«ጋሼ፣ ቦርሳው ወጣ አይደል? ድምፅዎ ያስታውቃል።»

«ወጣ። ግን ትንሿን ብቻ ነው የሚያበረው።»

«እኔ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል። እርስዎ ዓይንዎን አይንቀሉበት። እጁ ላይ አንዲት ነገር ካዩ ይንገሩኝ፤ መጥቼ ወደ ራሴ ቤት እወስደዋለሁ። ከዚያ በኋላ ልመና የለም።»

እነግርሻለሁ አልኋት። ቃል ገባሁ ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ የሁለት ሰው ኮቴ መሰማቱን ለምጄዋለሁ። ከዚህ ሌላ ዛሬ የምጽፈው የለኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ከወንድሜ ጋር ወደ ሜዳው ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኝ የተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ዛፍ የለበት፣ የመብራት ምሰሶ የለበት፣ ሣሩ የተላጨ ይመስላል። ለካስ የተመረጠውም ስለዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አቅራቢያ ካይት የሚያነሣ ሰው በካይት አብራሪዎቹ ማኅበር ዘንድ እንደ እብድ ይቈጠራል።

የማኅበሩ ኃላፊ የትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ናት። ፊሽካ ከአንገቷ ስለማይወርድ ሁሉም ባለፊሽካዋ ይላታል። ገና ከመድረሴ ነፋችብኝ።

«አባቴ፣ እዚያ አይቁሙ!»

«የት ልቁም ታዲያ?»

«ነፋሱ ከጀርባዎ ይምጣ፤ ከሚያበረውም ሰው ኋላ ይሁኑ። ካይቱ በሚሄድበት በኩል ሰው አይቆምም፤ ውሻም አይቆምም።»

«እኔን ከየትኛው መደብሽኝ?»

«አሁን ካልተንቀሳቀሱ ከውሻው።»

ተንቀሳቀስሁ። ያየሁትን ለመጻፍ ግን ቃል ያጥረኛል። ካይቱ ከአናታችን በላይ ሲቆም ልዝብ ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚይዘው ይመስላል። ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ በሰማዩ መካከል ሲያቋርጥ ግን ገመዱ ያፏጫል፤ የያዘው ሰው ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ይጋደማል። ያው ጨርቅ፣ ያው ነፋስ፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው። ይህን እያሰላሰልሁ ወደ ቤት ተመለስሁ።

«ስንት ሕግ አላችሁ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«አንድ። ከበረታብህ ልቀቅ። ሌላው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው።»

አሳየችኝም። ከእያንዳንዱ እጀታ ሁለት ገመድ ይወጣል፤ የፊተኛው ይጎትታል፣ የኋለኛው ፍሬን ነው። እጀታውን ሲለቁት በእጅ አንጓ ላይ የታሰረች ጠፍር ፍሬኑን ብቻ ይዛ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ጨርቁ ነፋሱን ይተፋና እንደ ወለቀ ቀሚስ ይወድቃል። ሰውየው ይተርፋል፤ ካይቱም አይጠፋም። ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉም የተመሠረተው እጅ በመከፈቱ ላይ ነው።

«ደራሲ ነዎት አሉ» አለችኝ ስንለያይ።

«ነበርሁ።»

«እንግዲያው ለጀማሪዎች ሁለት ገጽ ይጻፉልን። እኛ የጻፍነውን ማንም አያነበውም።»

አየሁት። «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚል ቃል በየመስመሩ አለ፤ ምኑ እንደሚጠነቀቅ ግን የትም የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10፣ በጥድፊያ

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለብኝ። ስለ ገመድ የምጠይቀው፦ ለምን ቀጭን? ለምን አራቱ እኩል? ለምን ጣት ላይ አይጠመጠምም? (ይህን ሳልጠይቅም የምገምተው ይመስለኛል።)

ወንድሜ ሻዩን ከጨረሰ በኋላ ብርጭቆውን እንደ ያዘ ጋዜጣውን ሙሉ አነበበ። «ላንሣልህ?» ብለው «ተወው፣ እጄን ያሞቀኛል» አለ። ብርጭቆው ባዶ ነበረ። ሽማግሌ ስንሆን ሁላችንም እንዲህ ነን።

ሐሙስ፣ የካቲት 12፣ ማታ

ዛሬ ከሕንፃችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ገመድ ስንለካ አመሸን። የአራቱን ገመዶች ጫፍ ከአጥሩ ብረት ጋር አሰርንና ሌላውን ጫፍ ይዘን እየወጠርን ወደ ኋላ ሄድን።

ጥበቃው ወንበሩን አዙሮ «ልብስ ልታሰጡ ነው?» አለን።

«የአንተን ካጠብህ» አለው ወንድሜ።

እንደ ድሮው የክሊኒኩ ቀን ደስ ብሎት ያስረዳኝ ጀመር። ገመዱ ከስፌት ክር ብዙም አይወፍርም፤ ነገር ግን እኔንና እሱን አንድ ላይ ቢያንጠለጥሉበት አይበጠስም።

«ወፍራሙ አይሻልም ነበር?» አልሁት።

«ለምን?»

«አይበጠስማ።»

«ጋሼ፣ ወፍራም ገመድ ራሱ ከነፋሱ ጋር ይታገላል። ካይቱ ይንቀረፈፋል፤ ያዘዝኸው ዘግይቶ ይደርሰዋል። ቀጭን ሲሆን ገና ስታስብ ይሰማሃል። ቀጭን ነው ብለህ ደግሞ አቅሙ ያነሰውን ከወሰድህ በሽውታ መካከል ይበጠስብሃል። የምትመርጠው በካይቱ ስፋት፣ በነፋሱና በራስህ ክብደት ነው። ለመጎተቻው ጠንከር ያለ፣ ለፍሬኑ ቀለል ያለ።»

«የናይለን ገመድስ?»

«ይለጠጣል። አንተ ትስባለህ፣ እሱ ይሳባል፣ ካይቱ አልሰማም።»

ከሁሉ ያስደነቀኝ የቋጠሮው ነገር ነው። ገመዱን በራሱ ላይ በባዶው ቢቋጥሩት ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ቋጠሮው ራሱ እንደ ቢላ ይቈርጠዋል። ስለዚህ ጫፉን በሽፋን ያለብሱታል፣ ቋጠሮውም በሽፋኑ ላይ ይሆናል። ሌላም አለ፦ የሁለት ሰዎች ገመድ አየር ላይ ተጠላልፎ ሲፋተግ ሙቀቱ ያቀልጠዋል። ቁርጥ ለማድረግ ምላጭ አያስፈልገውም፤ የጎረቤት ገመድ ይበቃዋል። በሰው ቆዳም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጓንት የሚለበሰው፣ ጣት ላይ የማይጠመጠመውም ለዚህ ነው። ስለ ርዝመቱም ጠየቅሁ። ረጅም ሲሆን ካይቱ ሰፊ ሰማይ ያገኛል፤ ጥፋትህን ለማረም ጊዜ ይሰጥሃል። አጭሩ ፈጣን ነው፣ ይቅርታ አያውቅም።

«እንደ ረጅም ዓረፍተ ነገርና እንደ አጭር ነው በለኛ» አልሁት።

«ላንተ የጥርስ ሕመምም ዓረፍተ ነገር ነው።»

አራቱን ጎን ለጎን ስንወጥራቸው የግራው መጎተቻ ከቀኙ በአንድ ጣት በልጦ ተገኘ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ገመድ መጀመሪያ ይላላል» ብሎ እጀታው ላይ ካሉት ቋጠሮዎች ወደ ቀጣዩ አዛወረውና አስተካከለው። እኔ ግን ነገሩ ቀልቤን ሳበው። ሁለቱም አዲስ ናቸው። ለምን ግራው ብቻ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዛሬ የወንድሜ ቀን ነበር! መካከለኛውን ካይት አንሥቶ ሳለ ድንገተኛ ሽውታ መጣ። ካይቱ ወደ ግራ ጠልቆ ገባና ወንድሜን ነቀለው፤ በሁለት እግሩ እየተንሸራተተ፣ ከዚያም በጉልበቱ፣ ከዚያም በደረቱ፣ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ያህል ተጎተተ። አልለቀቀም! ካይቱ መሬት ሲመታ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በሥራው የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው፣ በማኅበሩ ትልቁን ካይት የሚያበረው ሰው፣ እየሮጠ መጣ።

«ዶክተር! ጥርስ ሲነቅሉም እንዲህ ነበር የሚይዙት?»

«በሽተኛው ሲሮጥ ነው እንጂ!» አለ ወንድሜ፤ ሸሚዙ ተቀዶ፣ አገጩ ተልጦ ይስቃል።

ባለፊሽካዋ አላጨበጨበችም። «ለምን አልለቀቁም?» አለችው።

«ለምን እለቃለሁ? ይዤው ነበር።»

«ለዚህኮ ነው የምጠይቅዎት» ብላ ሄደች። ደረቅ ሴት ናት። እኔ በበኩሌ ኮራሁበት። በሰባ ዓመቱ እንዲህ ያለ ወኔ! ወደ ቤት ስንመለስ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነበር፤ በርዶት ይሆናል።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ልጁ ደወለች። ደህና ነው አልኋት። አገጩን አልነገርኋትም፤ ስለ አገጭ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ስለ እጁ ነው።

ወንድሜ ዛሬ ከገበያ በጣም ዘግይቶ መጣ። «የት ቆየህ?» ብለው «እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ መጣሁ፤ ከተማው እንዴት እንደ ሰፋ አይተሃል?» አለኝ። የሚያስቀናኝ ይህ ነው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ የማወቅ ጉጉት የታደለ ስንቱ ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 18

የግራው ገመድ እንደ ገና በልጧል። አሁንም አንድ ጣት፣ ምናልባት ትንሽ ይበልጥ። እሱ ሳያይ ለብቻዬ ለካሁት፤ ለምን እንደ ተደበቅሁት አላውቅም። ጥበቃው ጫፉን ይዞልኝ «አባባ፣ ይሄ ነገር ሥራ ነው ወይስ በሽታ?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው።

የጀማሪዎቹን ጽሑፍ ጀምሬያለሁ። ስለ ሜዳ ምርጫ፣ ስለ መብረቅና ስለ ረጠበ ገመድ፣ ካይቱን መሬት ላይ ትቶ ሲሄዱ በአሸዋ ከረጢት ስለ መጫን ጽፌአለሁ። ስለ መልቀቅ ገና ነኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ነፋሱ ደካማ ስለነበር ትንሿን ለእኔ ሰጡኝ። አበረርሁ! ከአናቴ በላይ ቆመች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ግራ እጄን ሳብ ሳደርግ ወደ ግራ ዞረች። በዚያ ቀጭን ክር ውስጥ አንድ ሕያው ነገር ያለ ይመስል ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያ ድርሰቴ ታትሞ ሽታውን ካሸተትሁበት ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አልያዝሁም።

ሹፌሩ ከጎኔ ቆሞ «ወንድምዎ ሰሞኑን እስከ ማዞሪያው ሸኙኝኮ» አለኝ። «ብረቱን ይዘው ቆመው፣ ‹ዶክተር ፌርማታዎ አለፈ› ብላቸው ‹ንዳው፣ ንዳው› አሉኝ። ሰው ሁሉ ወርዶ እሳቸው ብቻ ቀሩ።» ሳቅን።

ገመድ ስንጠቀልል ባለፊሽካዋን ጠየቅኋት። ለጽሑፉ ነው ብዬ።

«የአንድ ሰው የግራ ገመድ ሁልጊዜ ከቀኙ የሚረዝም ቢሆን ምን ማለት ነው?»

«ብዙ የተሳበ ገመድ ነው የሚረዝመው።»

«ሁለቱም እኩል አይሳቡም እንዴ?»

«እጅ ይስባል፣ ደግሞ ያላላል። አንደኛው ብቻ ከረዘመ፣ ያ እጅ አያላላም ማለት ነው።» ማጠንጠኛውን አቆመች። «የማን ገመድ ነው?»

«የማንም። ለጽሑፉ ነው» አልኋት፤ ወዲያው ስለ ደመናው አንሥቼ አወራኋት።

እሑድ፣ የካቲት 22

ከዳቦ ቤት ስመለስ ወንድሜ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጎኑን ሰጥቶኛል፣ አላየኝም። በሩ ተከፍቷል። ግራ እጁ ግን ቁልፉ ላይ ነው። በቀኝ እጁ የግራውን ጣቶች አንድ በአንድ ይፈለቅቃቸዋል። መጀመሪያ ትንሿን፣ ከዚያ የቀለበቱን። ግንባሩ በላብ ርሷል። የሰው ጥርስ ሳያሳምም የሚነቅል እጅ ነበረ።

ድምፅ ሳላሰማ አንድ ፎቅ ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ዳቦው እስኪቀዘቅዝ።

የማይጨብጥ እጅ አልነበረም የሚያስፈራው። የማይከፈት ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

አልተናገርሁም። ነገሮችን በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል። ምናልባት ጠዋት ጠዋት ብቻ ይሆናል። ምናልባት ብርዱ ነው። ሐኪም ሳልሆን ፍርድ መስጠት አይገባኝም። በእርማት ሥራችን አንድን ቃል ስሕተት ነው ከማለታችን በፊት ሁለት ጊዜ እናየው ነበር።

ብርጭቆው። አውቶቡሱ። ሜዳው ላይ የተጎተተበት ቀን። እኔ ደግሞ ወኔ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ከላይ አለ፣ አልሰርዘውም።

ዛሬም ደወለች። «እጁስ?» አለች።

«ደህና ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ቁልፍ ሲከፍት አይቼዋለሁ» አልኋት። ቃል በቃል እውነት ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መስታወቱ ፊት ማለፍ አልወደድሁም።

ትናንት ሁለቱንም መኝታ ቤቶች ስጠርግ አንዱ ባዶ ቢሆን ምን እንደማደርግበት አሰብሁ። መጽሐፍ ይሆንበታል። ደግሞ መጽሐፍ ምን ጎድሎኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ሁለት መስመር ብቻ። ጽሑፉ ቆሟል። «ከበረታብህ ልቀቅ» የሚለውን ጻፍሁት፣ ሰረዝሁት፣ ጻፍሁት። ሁለት ቃል ማረም ያቃተው አራሚ።

ዓርብ፣ የካቲት 27፣ ማታ

ራዲዮው ነገ ብርቱ ነፋስ ነው ይላል። ወንድሜ ከእራት በኋላ ትልቁን ካይት ወለሉ ላይ ዘረጋው። ሳሎኑ ሁሉ ቀይ ሆነ። ገመዶቹን በጣቱ እየዳሰሰ መረመረ፤ የሻከረችውን አወጣ፤ በምትኳ ጠንከር ያለችውን አስገባ። ምርጫው እንከን የለውም። ለነፋሱም፣ ለካይቱም፣ ለክብደቱም የሚስማማውን መርጧል። አንዱን ነገር ብቻ አላሰበበትም፤ ወይም ከሁሉ በላይ ያሰበው እሱኑ ነው።

«ነገ ነፋሱ ይበረታል» አልሁት።

«ለዚህም ነው ጠንካራውን ያስገባሁት።»

«ገመዱ ባይበጠስስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ገመድ እንዳይበጠስ አይደል እንዴ የሚመረጠው? ጋሼ፣ ሰሞኑን ፊትህ የማረሚያ ወረቀት መስሏል። ምን አገኘህብኝ?»

«ምንም።»

ጥርስ ነቃይ ነው፤ የሚያሳምመው የት እንደሆነ ያውቃል። ግን አልነካውም። እኔም አልነካሁትም። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቀይ ጨርቅ ዙሪያ ተንበርክከን እጥፋቱን እናስተካክል ነበር።

እኔ ምን ዓይነት ታላቅ ነኝ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሜዳው ላይ ነፋሱ ኮፍያ ያስጥል ነበር። ባለፊሽካዋ ጀማሪዎቹን ሁሉ መለሰች። ሹፌሩ የራሱን ትልቅ ካይት አላነሣም፤ ጠቅልሎ ተቀምጦበታል። ወንድሜ ግን ቀዩን ዘርግቶ፣ በአሸዋ ከረጢት ጭኖ፣ ገመዶቹን ዘርግቶ ጨርሷል። ቀኝ ጓንቱን አጠለቀ። እጀታዎቹ እግሩ ሥር ተኝተዋል። የግራውን ጓንት በጥርሱ ይዞ ሊያጠልቅ ሲል ወደ እሱ ሄድሁ።

ምን እንደምለው አስቤ ነበር። መንገድ ሙሉ አቀናብሬዋለሁ፤ መግቢያም ነበረው። በዚያ ፋንታ ግራ እጁን ያዝሁት።

ያዘኝ።

«ምን ሆንህ?» አለኝ፤ ጓንቱ ከአፉ ወደቀ።

ይበልጥ ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት።

«ጋሼ፣ ልቀቀኝ። ነፋሱ እያለፈ ነው።»

«አንተ ልቀቀኝ» አልሁት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። እጄን ዘርግቼ፣ ጣቶቼን እንደ ዳቦ አላልቼ ቆምሁ። የሚይዘኝ እሱ ብቻ ነበረ። ለመክፈት ሲሞክር አየሁት። ጥረቱ በትከሻው፣ በአንገቱ፣ በመንጋጋው ላይ ይታያል፤ ጣቶቹ ግን ይበልጥ ይጠብቃሉ። አጥንቴን አሳመመኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከእሑድ። አንተስ?»

«ከክረምት። እየተሻለኝ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ጠበቀ።»

«ዛሬ ቢጎትትህስ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ይሄ ሲቀር ምን እንደሚቀረኝ ታውቃለህ? አንድ ወንበርና አንድ መስኮት። ልጄ መድኃኒቴን እየቈጠረች።» ዓይኑን ወደ ካይቱ አደረገ። «እዚያ ላይ ሲቆምኮ ሁለቱም እጆቼ እኩል ናቸው።»

ሹፌሩ ከሩቅ ሆኖ ጮኸ። «ኧረ ዶክተር! ካይቱን ታነሡታላችሁ ወይስ ልትጋቡ ነው?»

ሰው ሳቀ። ባለፊሽካዋ መጣች፣ ፊሽካዋ በአፏ። እጆቻችንን አየች። ረዘም አድርጋ አየች። ፊሽካውን ከአፏ አወጣች፤ ሄዳ ሌላ የአሸዋ ከረጢት አንሥታ ቀዩ ካይት ላይ ደረበችበት፤ ከዚያም ገመዶቹን ከጨርቁ ፈትታ መጠቅለል ጀመረች።

እሱ አየና ትከሻው ወረደ። ከነፋሱ ጋር የታገለ ሰው እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።

ተያይዘን ሜዳውን አቋረጥን። ሌላ አማራጭ አልነበረንም። የሚያዩን ሰዎች እኔን የሚደግፈኝ መሰላቸው፤ አንዲት ሴት «ይጠንቀቁላቸው» አለችው። «እየሞከርሁ ነው» አላት። ከሜዳው ዳር ባለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ከነፋሱ ተጠለልን። ብዙ ቆይቶ፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ፣ ጣቶቹ በራሳቸው ጊዜ ላሉ። እጄ ላይ አራት ነጭ መስመር ቀርቷል።

«ለልጄ እኔ ነኝ የምነግራት» አለኝ። «አንተ ታሳምረዋለህ።»

ሰኞ፣ የካቲት 30

ነገራት። እኔ በነበርሁበት፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ሳይቀልድ ነገራት። «የማታውን አውቶቡስ እይዛለሁ» አለች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ልጁ ትናንት ጠዋት ገባች። እጁን አገላብጣ አየችው፤ ጣቶቹን ቀስ አድርጋ ስትከፍት እንደ አባቷ ነው የምትይዘው፣ ሳታሳምም። እሷ ዘንድ የጠበቀ ጡንቻ የሚያላሉ ሐኪሞች አሉ፤ መርፌም አለ፣ የእጅ ልምምድም አለ። ወራት ይፈጃል። ይመለሳል ብለው ቃል የሚገቡ የሉም፤ ይሞከራል።

እሱ ልብሱን ሲያሰናዳ ወደ ማድ ቤት ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«ባለፈው ሳምንት፣ እሑድ።»

«ማክሰኞ ደውዬልዎታለሁ።»

«ደውለሽልኛል።»

«ደህና ነው አሉኝ።» አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ቅዳሜ ካይቱን አንሥቶት ቢሆን ኖሮስ? ለምን፣ ጋሼ?»

ምክንያቴን ዐውቀዋለሁ። ለእሷ አልነገርኋትም፤ እዚህም አልጽፈውም። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» አለች፤ ይቅር ማለቷ አልነበረም። የታጠበውን ብርጭቆ እንደ ገና አጠበችው።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ቦርሳውን አልያዘም፤ ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል። ልጁ ትኬት ስታሳይ በመስኮቱ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ቅዳሜ ሜዳ ሂድ። ማታ ደውለህ ነፋሱን ንገረኝ።»

«እኔ ስለ ነፋስ ምን ዐውቃለሁ?»

«ትንሿን ስታነሣ ታውቃለህ። አሸዋውን አትርሳ። ደግሞ እንደ ነበረው ንገረኝ፤ ጋሼ፣ ሙት፣ እንዳታሳምር።»

«አላሳምርም።»

«አንተ? እስቲ እናያለን» አለና መስኮቱን በቀኝ እጁ ዘጋው።

አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያም የጣቴን ጫፍ በምራቅ አርሼ ወደ ላይ አነሣሁ። ሻንጣ ጫኙ ሰው የጠራሁት መስሎት እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ ምን ልርዳዎት? ዕቃ አለ?»

«የለም። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሆነ እያየሁ ነው።»

እሱም ጣቱን አረሰና ከጎኔ አነሣ። «ከዚያ በኩል ነው» አለኝ።

«ከዚህ ይመስለኛል» አልሁት፤ ተከራከርን።